2,000 ፈረሶች ከ12 ቅድመ አያቶች

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የእሱ አባት ማን ነው? የአባቱስ አባት? እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መሀል ላይ አንድ የጋራ ቅድመ አያት ብቅ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ «ዘመዳሞች ናቸው» ይባላል።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የዓለም ሕዝብ በሙሉ ከ12 ሰዎች ብቻ የተወለደ ቢሆን ኖሮስ? ሰባት ቤት ቢቆጠር፣ አሥር ቤት ቢቆጠር፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው አይገኝም። ሽማግሌዎቹ ምን ሊሉ ነው?

ይህ ጥያቄ ለአንድ የፈረስ ዝርያ የየዕለት ራስ ምታት ነው። ፈረሱ በአገሩ በሞንጎሊያ ታኪ ይባላል። የተቀረው ዓለም ደግሞ በሩሲያዊው አሳሽ በኒኮላይ ፕርዠቫልስኪ ስም «የፕርዠቫልስኪ ፈረስ» ይለዋል። አጠር፣ ደንደን ያለ ነው። ቀለሙ ቡላ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ጋማው እንደ ቡርሽ ቀጥ ብሎ የቆመ። እኛ የምናውቀው የቤት ፈረስ 64 ክሮሞዞም ሲኖረው ታኪ 66 አለው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ቢዳቀሉ የሚወለደው እንደ በቅሎ መካን አይሆንም፤ እሱም በተራው ይወልዳል። ይህቺን ነገር ያዟት፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ዛሬ በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ታኪዎች አሉ። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን የእነዚህ ሁሉ ፈረሶች የዱር ዘር የመጣው በሰው እጅ ከተያዙ 12 ፈረሶች ብቻ ነው። ቁጥሩ ጨመረ እንጂ የዘሩ ምንጭ ያው 12 እንደሆነ ቀረ። ብዛት እና የዘር ብዝኃነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ እየጨመረ ሌላው ሊቀንስ ይችላል። ታኪ ይህንን በከባድ ዋጋ አስተምሮናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዴት 12 ብቻ ቀሩ?

ታኪ በሳይንስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1881 ነው። ወሬው ሲሰማ የአውሮፓ መካነ አራዊቶችና ባለጸጋ መኳንንት «እኛም ይኑረን» አሉ። ትልቁን ታኪ ግን አባሮ መያዝ አልተቻለም፤ በጣም ፈጣን ነው። ስለዚህ አዳኞቹ ያነጣጠሩት ውርንጭላዎች ላይ ነበር። መንጋው ይባረራል፣ ደክመው ወደ ኋላ የቀሩት ትንንሾች ይያዛሉ፣ ከዚያ ለማዳ ባዝራዎች እያጠቧቸው ረጅሙን መንገድ ወደ አውሮፓ ይጓዛሉ።

በ1901 ካርል ሃገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ የእንስሳት ነጋዴ 28 ውርንጭላዎችን በአንድ ጊዜ ሀምቡርግ አስገባ። በዛሬዋ ዩክሬን በሚገኘው አስካኒያ ኖቫ ደግሞ ፍሪድሪክ ፎን ፋልዝ ፋይን የተባለ ባለርስት የራሱን መንጋ አቋቋመ። ከተያዙት ውስጥ ብዙዎቹ ሞቱ። በሕይወት ከቆዩትም አብዛኞቹ ሳይወልዱ አለፉ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የአስካኒያ ኖቫ መንጋ በጦርነቱ ጠፋ። በ1945 በዓለም ዙሪያ በሰው እጅ የቀሩት ታኪዎች 31 ብቻ ነበሩ። የሚበዙት የተረፉት በጀርመን ሙኒክና በቼክ ፕራግ መካነ አራዊት ውስጥ ነው። ከእነዚህም ቢሆን ዘር የተኩት ጥቂቶቹ ናቸው።

በዱር የቀሩትም አልተረፉም። አደን፣ ከከብት ጋር የግጦሽና የውሃ ሽሚያ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የሞንጎሊያ ክረምት። በዱር የሚኖር ታኪ በሰው ዓይን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1969 በጎቢ በረሃ ነው። ዱሩ ባዶ ከመሆኑ በፊት ግን አንዲት ዕድለኛ ነበረች። በ1947 እዚያው ሞንጎሊያ የተያዘች ውርንጭላ፣ ኦርሊትሳ 3ኛ ተብላ አስካኒያ ኖቫ ገባች፤ ወለደችም። ከዱር መጥታ ለዛሬው መንጋ ዘር ያበረከተች የመጨረሻዋ ፈረስ እሷ ናት። 12ኛዋ ማለት ነው።

ከእሷ በኋላ በሩ ተዘጋ። አዲስ ደም የሚመጣበት ቦታ አልነበረም።

የካርታው ጨዋታ

በሩ ሲዘጋ ምን ይፈጠራል? አንድ ፈረስ በእጁ የካርታ መደብ እንደያዘ አስቡት። ለአንድ ልጁ የሚሰጠው ከያዘው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ልጁ ከሌላኛው ወላጅ ያገኛል። የትኛው ግማሽ እንደሚተላለፍ የሚወስነው ዕጣ ነው። ብዙ ከወለደ ካርታዎቹ ለአንዱ ባይደርሱ ለሌላው ይደርሳሉ። አንድ ብቻ ወልዶ ከሞተ ግማሹ አብሮት ይቀበራል። ምንም ካልወለደ ሁሉም ይሄዳል። ያ ካርታ ሌላ ፈረስ እጅ ላይ ከሌለ ደግሞ በቃ፣ ከጨዋታው ወጣ ማለት ነው።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ፈረስ የአንድን ጂን ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ስለዚህ 12 ፈረሶች ከአንድ ጂን ቢበዛ 24 የተለያዩ ዓይነቶችን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በሚራቡት ፈረሶች ቁጥር ይወሰናል። በየትውልዱ 10 ፈረሶች ብቻ የሚራቡበት መንጋ በአንድ ትውልድ ከብዝኃነቱ 5 በመቶ ያህሉን ያጣል። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ10 ትውልድ ግን 40 በመቶ ይደርሳል። የሚራቡት 100 ቢሆኑ በዚያው 10 ትውልድ የሚጠፋው 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

ይህ ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል። አንድ መንጋ በድንገት ወደ ጥቂት መውረዱ መጥፎ ነው፤ የባሰው ግን እዚያ ጥቂትነት ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። ታኪ ደግሞ በዚያ ጠባብ በር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል።

ዝምድናው ሲጠብቅ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ብዙ ጎጂ ጂኖች ብቻቸውን ሲሆኑ ምንም አያደርጉም፤ ጤነኛው ቅጂ ይሸፍናቸዋል። ጉዳታቸው የሚታየው ከአባትም ከእናትም ያው ጎጂ ቅጂ ሲመጣ ነው። ወንድምና እህት ቢወልዱ ልጁ በአንድ ጂን ላይ ከአንድ አያት የመጣ ተመሳሳይ ቅጂ የመያዝ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። የአጎት ልጆች ቢሆኑ 6.25 በመቶ። የሰባት ቤቱ ቆጠራ የሚሠራው ይህንን ቁጥር ወደ ዜሮ የማስጠጋት ሥራ ነው። ሽማግሌዎቹ ጂን የሚባል ነገር ሳያውቁ ሒሳቡን አግኝተውታል።

በታኪ ላይ ውጤቱ በዓይን ታየ። ዝምድናቸው በጠበቀ መስመሮች ውስጥ የሚሞቱ ውርንጭላዎች በረከቱ፣ ዕድሜም አጠረ።

«ንጹህ ዘር» ያስከፈለው ዋጋ

አሁን ያቺን የያዛችኋትን ነገር አምጧት። በ1906 በጀርመኗ ሃለ ከተማ አንድ የታኪ ድንጉላ ከሞንጎሊያ የቤት ባዝራ ጋር ተዳቀለ። ዘራቸው በፕራግ በኩል ወደ መንጋው ገባ። ይህ በታወቀ ጊዜ አራቢዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ «የቤት ፈረስ ደም ያለበትን አናራባም፤ ንጹሁን ብቻ» አሉ።

ሐሳቡ ሲሰማ ትክክል ይመስላል። ግን አንድን ፈረስ ከመራባት ስታግዱት የምታስቀሩት የዚያችን ባዝራ ጂን ብቻ አይደለም። ያ ፈረስ ከሌሎች የዱር ቅድመ አያቶቹ የወረሰው ሁሉ አብሮ ይቀራል። ከ12ቱ የአንዱ ብርቅ ካርታ በእሱ እጅ ላይ ብቻ ቢሆንስ? «ንጹህ» የተባሉት መስመሮች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበቡ፣ እርስ በርስ እየተጋቡ ሄዱ። ቅልቅሉን ለማጥራት ሲባል ዋናው ነገር ራሱ እየፈሰሰ ነበር።

በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ሁለቱንም ወገን ማቆየትን መረጡ። 12 ቅድመ አያት ላለው እንስሳ ማንንም መጣል ቅንጦት ነው።

ፕራግ ያለው መዝገብ

ለውጡ የጀመረው በወረቀት ነው። በ1959 በፕራግ ስለ ታኪ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። በዚያው ዓመት የዘር መዝገብ ወጣ። እያንዳንዱ ፈረስ ቁጥር ተሰጠው፤ አባቱ ማን፣ እናቱ ማን፣ የት ተወለደ፣ መቼ ሞተ። መዝገቡን እስከ ዛሬ የሚይዘው የፕራግ መካነ አራዊት ነው።

መዝገቡ ሲኖር ጥያቄው ተቀየረ። ድሮ አንድ መካነ አራዊት የሚያራባው እጁ ላይ ያለውን ነበር። አባትና ልጅም ቢሆኑ ሌላ አልነበረውም። አሁን ግን «ይህች ባዝራ ከየትኛው አገር ድንጉላ ጋር ብትገናኝ ይሻላል?» ተብሎ ይሰላል፤ ፈረሶችም ከአገር አገር ይጓጓዛሉ።

ምርጫው የሚካሄድበት ሕግ መጀመሪያ ግር ይላል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለመልከ መልካሙ ወይም ለብርቱው ሳይሆን በመንጋው ውስጥ ጥቂት ዘመድ ላለው ነው። 50 ልጆችና የልጅ ልጆች ያሉት ድንጉላ ካርታዎቹ ተሰራጭተዋል፤ ቢያርፍ ጉዳት የለውም። ብቸኛው ፈረስ ግን የያዘውን ሳይሰጥ መሞት የለበትም።

በዚህ አካሄድ ቁጥሩ አደገ። በ1992 የመጀመሪያዎቹ ታኪዎች ወደ ሞንጎሊያ ተመለሱ። አንደኛው ቦታ ከዋና ከተማዋ ኡላንባታር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ኹስታይ ነው፤ ሁለተኛው ጎቢ ውስጥ ያለው ታኪን ታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት «ከዱር የጠፋ» ብሎት የነበረውን ፈረስ በ2008 «እጅግ አሳሳቢ አደጋ ላይ ያለ»፣ በ2011 ደግሞ «አደጋ ላይ ያለ» ወደሚለው ደረጃ አዛወረው።

ለምን አንድ ትልቅ መንጋ ብቻ አላደረጉትም? መልሱን የ2009/10 ክረምት ሰጠ። ሞንጎሊያውያን «ዙድ» የሚሉት ከባድ በረዶ መጣና በጎቢ ከነበሩት ታኪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ጨረሰ። ሁሉም እዚያ ቢሆኑ ኖሮ አስቡት። ዛሬ ታኪዎች በሞንጎሊያ በተለያዩ ቦታዎች፣ በቻይና፣ ሰው በለቀቀው በቼርኖቢል ዙሪያም ጭምር አሉ። በ2024 ደግሞ 7 ፈረሶች ከአውሮፓ በአውሮፕላን ካዛክስታን ገብተዋል።

መዝገብ ብቻውን አያድንም

«መዝገብ ከተያዘ ችግሩ ተፈታ» ለምትሉ፣ የእሽቅድምድም ፈረሶቹን ቶሮብሬዶችን ተመልከቱ። የዘር መዝገባቸው ከ1791 ጀምሮ ታትሟል። ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች ነው። ገንዘብ የሚፈስባቸውም እነሱ ላይ ነው። ግን መዝገቡ ዝግ ነው፤ አባትና እናቱ መዝገቡ ላይ የሌለ ፈረስ አይገባም። የአባት መስመራቸው በሙሉ ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይመለሳል፤ ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያን እና ጎዶልፊን አረቢያን። ከዛሬዎቹ ወንዶች ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ የዳርሊ አረቢያን የአባት ዘር ናቸው።

እዚህ ጋ የሚመረጠው ከታኪ በተቃራኒው ነው። ያሸነፈ ድንጉላ ሁሉም ይፈልገዋል፤ በአንድ ወቅት ከ200 በላይ ባዝራዎችን የሚያጠቃ አለ። የሌሎቹ ካርታ እጃቸው ላይ ይቀራል። በ2020 የአሜሪካው ጆኪ ክለብ አንድ ድንጉላ በዓመት ከ140 ባዝራ በላይ እንዳይሰጠው፣ በዚያ ዓመትና ከዚያ በኋላ በሚወለዱ ፈረሶች ላይ የሚጸና ሕግ አወጣ። ትልልቅ አራቢዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሕጉም በ2022 ተሰረዘ።

ስለዚህ መዝገቡን መያዝና በመዝገቡ መሠረት መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታኪ የተረፈው ሰዎች መዝገቡን አይተው «ይበቃል፣ አሁን የሌላው ተራ ነው» ለማለት ስለተስማሙ ነው።

ከማቀዝቀዣ የተወለደው ፈረስ

ከጨዋታው የወጣ ካርታ አይመለስም ብለናል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ቀድሞ ያስቀመጠው ሰው ካለ።

በ1975 ኩርት ቤኒርሽኬ የተባለ ሳይንቲስት በአሜሪካ ሳንዲያጎ መካነ አራዊት የእንስሳት ሕዋስ ማቀዝቀዝ ጀመረ። ክሎን የሚባለው ነገር ለትልልቅ እንስሳት ገና ሕልም በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በ1980 ከአንድ የታኪ ድንጉላ ናሙና ተወሰደ። ስሙ ኩፖሮቪች፣ የመዝገብ ቁጥሩ 615። በሌሎቹ ፈረሶች ውስጥ እየሳሳ የሄደ የዱር ቅድመ አያቶች ዘር በእሱ ውስጥ በብዛት ነበር። ፈረሱ በ1998 ሞተ።

ነሐሴ 6 ቀን 2020፣ ሕዋሱ ከቀዘቀዘ ከ40 ዓመት በኋላ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የቤት ባዝራ የኩፖሮቪችን ክሎን ወለደች። በቤኒርሽኬ ስም ኩርት ተባለ። በ2023 ከዚያው ሕዋስ ሁለተኛው ተወለደ፤ ስሙ ኦሊ ነው። ኩርት ያደገው በቤት ፈረስ እጅ ስለሆነ የታኪን ወግ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሆሊ የምትባል ወጣት የታኪ ባዝራ ጋር አስቀመጡት፤ መንጋ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ያስተማረችው እሷ ናት።

ይህ ግን ተአምር አይደለም። ክሎን የሚመልሰው የተቀመጠውን ብቻ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልገባውን የትኛውም ላቦራቶሪ አያመጣውም። በ1980 አንድ ሰው ያንን ናሙና «ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ ኩርት የለም።

ወደ ቁንዱዶ ስንመለስ

ይህ ሁሉ የሞንጎሊያ ጉዳይ ብቻ ከመሰላችሁ ምሥራቅ ሐረርጌ እንሂድ። ቁንዱዶ የሚባል አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ አለ። እዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው፣ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ፈረሶች አሉ። የአገራችን ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ሲከፍሉ አቢሲኒያ፣ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ እና ኦጋዴን ብለው፣ ስምንተኛውን ቁንዱዶ ብለውታል። ከስምንቱ ያለ ሰው የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ቁጥሩም እጅግ ትንሽ ነው።

ቁንዱዶ እንደ ታኪ ጥንታዊ የዱር ፈረስ አይደለም፤ ከቤት ወጥተው ዱር የለመዱ ፈረሶች ዘር ነው። ሒሳቡ ግን ያው ነው። ተራራው አጥር ሆኗል፤ የሚራቡት ጥቂቶች ናቸው፤ በየትውልዱ ካርታ ይወድቃል። ከሥር ካሉት የገበሬ ፈረሶች ጋር ቢዳቀሉ ደግሞ የሃለው ጥያቄ ይነሳል፦ መልኩ እንዳይጠፋ እንከልክል ወይስ ዝምድናው እንዳይጠብቅ እንፍቀድ?

የታኪ ታሪክ ለዚህ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። መጀመሪያ መቁጠርና እያንዳንዱን ፈረስ በመልኩ፣ ከተቻለም በዲኤንኤ መመዝገብ። ቀጥሎ ናሙና ወስዶ ማቀዝቀዝ፤ ይህ ፈረሱ ሞቶ ከቆየ በኋላ የማይሠራ ሥራ ነው። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ላለመተው ሁለተኛ ቦታ ማሰብ። ስለ ድቅል መከራከሩ የሚያዋጣው እነዚህ ከተሠሩ በኋላ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለጤፍ፣ ለገብስና ለማሽላ ዘር ባንክ ያቋቋምነው በ1976 ነው። «ዝናብ ቢጠፋ፣ በሽታ ቢመጣ የአባቶቻችን ዘር ይኑር» ብለን። ንጉሡ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያለ በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ ለፈረሱም ያንኑ ቢያደርግ አይበዛበትም። ታኪን ለማትረፍ 12 በቅተዋል፤ ለዚያም ከ60 ዓመት በላይ መዝገብ፣ የብዙ አገር ስምምነትና አንድ ማቀዝቀዣ አስፈልጓል። በቁንዱዶ አናት ላይ ያሉት ፈረሶች ዛሬም እየጋጡ ነው፤ ናሙና መውሰድ የሚቻለውም እነሱ እዚያ እስካሉ ድረስ ነው።